ሰባት ቀን ይፍላ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለአምባቸው አዝመራ፤
ቤይሩት።

ደኅና መሆንህን በደብዳቤህ ጽፈህልኛልና «እንደምን ከረምህ» ብዬ ወረቀት አልፈጅም። እኔም ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ከቤት እስከ ቁስቋም ደጀ ሰላም ሁለት ጊዜ ያሳርፈኛል፤ ዓይኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዳዊቱን ደቃቅ ጽሕፈት ያለ መነጽር ይለያል። ይህን የነገርሁህ «አሳስተው አንብበው ይሆናል» እንዳትለኝ ነው። ደብዳቤህ ኅዳር ፰ ቀን፣ የቁስቋም ማርያም ክብረ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አስቀድሜ ያናደደኝን ትንሹን ነገር ላውጣው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ መድኃኒት ትማራለህ፤ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ግን በሃሌታው «ሀ» ጽፈኸዋል። አንድ ጊዜ ቢሆን ብዕሩ ሳተው እል ነበር። ስድስት ጊዜ ነው። «ሐኪም»ንም እንዲሁ አድርገኸዋል። አባቴ የኔታ፣ አንዲት ፊደል ስስት ገጹን በሙሉ ፍቀሽ እንደገና ጻፊ ይለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ለወንድ ልጅ ያሰበውን ትምህርትም ዱላም ለእኔ ሰጠኝ። አልተጎዳሁበትም። አንተንም ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሰው ደብዳቤህን ቢያይብኝ የማፍረው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። በመጨረሻው ገጽ እንዲህ ብለሃል፤ ከነስሕተቱ ልገልብጠው፦ «የላኩልኝን መድሀኒት ከመምህሬ ጋር ሆነን መረመርነው። ምንም አያደርግም። አባቴን ያላዳነ ነገር ሌላውን ያድናል ብዬ ድሮም አላመንኩም። ከእንግዲህ ለማንም ሰው እንዳይሰጡ፣ በአባቴ አጥንት ግዝት ይሁንብዎ።»

ልጄ፣ ግዝት ምን እንደ ሆነ የረሳህ ይመስለኛል። እዚያ ባለህበት አገር ምናልባት ከደብዳቤ ግርጌ እንደሚቀመጥ ፊርማ ይሆናል። እኔ የምኖረው ቁስቋም ነው። የአባትህ አጥንት ያለበትን መቃብር ዐውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ተዝካሩን አወጣለሁ። በዚያ አጥንት የተገዘተች ሴት፣ ግዝቱ ትክክል ይሁን አይሁን፣ እጇ ታሥሯል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ስድስት ሰው ከበሬ መልሻለሁ። አንዲቱ ሕፃን ልጇ ራሱ ላይ ያወጣውን ቁስል ልታሳየኝ ከሎዛ በእግሯ የመጣች ናት። ምነው ስትለኝ ምክንያቱን እንኳ በቅጡ ልነግራት አልቻልሁም። «ልጄ ከለከለኝ» ብዬ ለማላውቃት ሴት መናገር በዚህ ዕድሜዬ ይከብደኛል።

ሰባተኛው ሰው አያ ክንዱ ነው።

አያ ክንዱን ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም። ከአባትህ ጋር በጣልያን ጊዜ ዱር የኖረ፣ አባትህ ሲሞትም ሬሳውን በጀርባው ተሸክሞ ከዛሪማ በላይ ካለው ተራራ ያወጣ ሰው ነው። አሁን ዳባት አጠገብ ያርሳል። በጥቅምት መጀመሪያ እንጨት ሲፈልጥ ምሳሩ አንሸራቶ ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መታው። ቁስሉ ሲመግል በጭነት ማኪና ወደዚህ አመጡት። ሐኪም ቤት ዐሥራ ሁለት ቀን ፔኒሲሊን ወጉት፤ ዳነ ሲባል ተመልሶ አመረቀዘ። ሐኪሙን አላማም፤ የሚችለውን አድርጓል። አሁን በአስተርጓሚ የነገራቸው ቃል ይህ ነው፦ እስከ ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ቁስሉ ካልደረቀ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠም ነፍሱ ትሄዳለች። በእርሻ የሚኖር ሰው ነው አምባቸው። ሚስቱ ሽታዬ እንደ ነገረችኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬዎቹን በስም እየጠራ በእንቅልፉ ያወራል።

ኅዳር ፲፪ ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት፣ ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን በገለባ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ሽታዬ በትሩን ይዛ ቆማለች። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ የመጣበትን ተናገረ፤ እኔም ግዝቱን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። ሳቀ።

«ከየት ሆኖ ነው ልጁ የገዘተዎ?» አለኝ።

«ከቤይሩት።»

«ግዝት ባሕር ይሻገራል እንዴ?»

«ደብዳቤው ከተሻገረ ግዝቱም ተሻግሯል» አልሁት።

«እንግዲያውስ ይስሙኝ እመት። ያን አጥንት ተሸክሜ ዳገት ቁልቁለቱን ያለፍሁ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ወገቤን ይወጋኛል። በአዝመራ አጥንት የሚገዘት ከሆነ፣ የሚፈታም ከሆነ፣ ከልጁ እኔ እቀርባለሁ። እነሆ ፈታሁዎ። አሁን መድኃኒቱን ያምጡ።»

«ዝም በል አንተ» አለችው ሽታዬ፤ «እግርህ ሲታመም ደግሞ ካህን ሆንህ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን ደግሞ ልጻፍልህ፤ ምክንያቱም ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚያ ነው። እንዲህ አለኝ፦ «ለአዝመራም እኮ በወጉ አፍልተው ነው የሰጡት፤ ዐይቻለሁ። ያልዳነው ቀኑ ደርሶ ነው። የእኔ ቀን ገና ነው፤ እግሬ ብቻ ነው የተቻኮለ።»

ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንግዳ በደጄ ተቀምጦ በሩን የዘጋሁበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም።

በማግስቱ የንስሓ አባቴን መምሬ ወልደ ገብርኤልን ጠየቅሁት። ለመጪው የጽዮን በዓል ድንኳን ሲያስተክል ነበርና ቆሜ ነው የነገርሁት። የገዘተው እንጂ ሌላ አይፈታውም አለኝ። የሰው እግር ሊቆረጥ ነው አልሁት። ያሳዝናል አለ። ማዘን ለእኔም አያቅተኝም፤ የመጣሁት መፍትሔ ፍለጋ ነው አልሁት። ተቆጣ፤ መልሶም ሳቀና፣ «ለተ ማርያም፣ ልጅሽ በሕይወት አለ። ጻፊለት። መጻፍ እንደ ሆነ ለአንቺ ብርቅ አይደለም» አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ መስቀሉን አንሥቶ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለ። ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁ። ቃሉ ግን ራሴ ላይ አላረፈም፤ ለምን እንዳላረፈ ወደ ታች እጽፍልሃለሁ።

ሐኪሙም ዘንድ ሄጃለሁ፤ አልቀረሁም። ይህ ሁሉ ልመና ኋላ ሐኪሙ ቢከለክል ከንቱ ነውና አስቀድሜ ማወቅ ፈለግሁ። በአስተርጓሚ ሆኖ ምን ምን እንዳለበት ጠየቀኝ። የአዞ ሐረግ ቅጠልና ማር ነው አልሁት። ቅጠሉን ይዤለት ሄጄ ነበር፤ በጣቶቹ አሽቶ አሸተተው። እርጥቡን ቆዳ ላይ ብታሳድረው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ለዚህ ነው መታረም ያለበት አልሁት። አስተርጓሚው «መታረም» የሚለውን ቃል ከስንዴ እርሻ ጋር አገናኝቶት ነበርና፣ ማቃጠሉን ማብረድ ማለት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። በመጨረሻ ሐኪሙ ያለው፣ «ሌላ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም፤ ንጹሕ ከሆነና እኔ በየሁለት ቀኑ ቁስሉን የማየው ከሆነ አልከለክልሽም» ነው። እንግዲህ ሐኪሙ አልከለከለም፤ ሕመምተኛው ይለምናል፤ ቅጠሉ አጥሬ ላይ ተጠምጥሟል። በመካከል የቆመው የአንተ አንድ መስመር ብቻ ነው።

በማግስቱ ተናድጄ ደብዳቤህን እንደገና አወጣሁት። የአባቴን መድኃኒት ምንም አያደርግም ካልህ፣ ምን አድርጋችሁት እንደ ሆነ ልይ ብዬ ሁለተኛውን ገጽ ቃል በቃል አነበብሁ። ሥራችሁን በዝርዝር መጻፍህን አመሰግናለሁ፤ በደብዳቤህ ውስጥ ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ጀርም የምትሏቸውን ረቂቅ ነፍሳት በብርጭቆ ሳህን ላይ እንደ እርሾ ታበቅላላችሁ። ከመካከሉ መድኃኒቱን ታኖራላችሁ። መድኃኒቱ ኀይል ካለው ሳይበቅሉ ይቀሩና ዙሪያው ጨረቃን እንደ ከበባት ሰማይ ጥርት ያለ ቀለበት ይሆናል። በፔኒሲሊኑ ዙሪያ ሰፊ ቀለበት ታየ፤ በእኔው ዙሪያ ግን መድኃኒቱን እስኪነኩ ድረስ በቀሉ። ይህን ስትጽፍ ደስ ያለህ ይመስላል፤ ቃላቱ ይሮጣሉ።

ከዚያ በላይ ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ ዘልዬው ነበር። እንዲህ ይላል፦ «እንደ ትእዛዝዎ በውሃ በጥብጠን፣ እሳት ላይ ጥደን፣ ግማሽ ሰአት በደንብ አፍልተን።»

እሳት ላይ ጥደን። ማን እሳት አለህ?

የምጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ ግልባጭ እንደማስቀር ታውቃለህ። ሣጥኑን ከፍቼ፣ በሐምሌ መድኃኒቱን ከያዘው ቆርቆሮ ጋር የላክሁልህን ወረቀት ግልባጭ አወጣሁ። በራሴ እጅ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ቅጠሉ ከነማሩ ተወቅጧል። ውኃ ጨምረህ በጥብጠው፤ ይፍላ፤ ሲፈላ አጥልለህ ተጠቀምበት።»

ይፍላ።

መጀመሪያ በአንተ ሳቅሁ። የጎንደር ልጅ ሆኖ፣ ማር በውኃ ተበጥብጦ ይፍላ ሲባል ድስት ይጥዳል ወይ? ጠጅ የተጣለበት ቤት ሂደህ «ፈላ ወይ?» ብለህ ብትጠይቅ፣ እሳት ታያለህ ወይ? ጋኑ በቀዝቃዛው ማዕዘን ተቀምጦ፣ አፉ ታሥሮ፣ በራሱ ሙቀት ሲንሾከሾክ ነው የምትሰማው። ብርዙ የሚፈላው እንዲያ ነው። ይህም መድኃኒት የሚፈላው እንዲያ ነው። እሳት ያየ እንደ ሆነ ግን፣ ያ ሲወቀጥ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ኀይሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው ቅጠል የነከሩበት ጣፋጭ ውኃ ነው። እናንተ ረቂቅ ነፍሳቱን ማር ቀለባችኋቸው፤ እነሱም በሉና በቀሉ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። አባቴ ይህን መድኃኒት ያስጻፈኝ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቃሉ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ «የአዞ ሐረግ ቅጠል እርጥቡን፣ ከማር ጋር ወቅጠሽ፣ ውኃ ጨምረሽ፣ እሳት ሳታስነኪ ሰባት ቀን ይፍላ።» አባቴ «ይፍላ» የሚለው ቃል ሁለት መንገድ እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው በፊቱ አራት ቃል ዘበኛ ያቆመለት። እሳት ሳታስነኪ ሰባት ቀን። እኔ ለአንተ ስጽፍ አራቱንም ዘለልኋቸው። ስለዚህ አንተ አልተሳሳትህም። የታዘዝኸውን አድርገሃል። ስሕተቱ የጸሐፊዋ ነው፤ ጸሐፊዋም ስለ አንዲት «ሀ» ገና አሁን የተቆጣችህ ሴት ናት።

እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። «ቃል ዘልያለሁ፤ ይቅርታ፤ ግዝቱን ፍታ» ብዬ ብፈርም ለአያ ክንዱ ይበቃው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ብዕሩን ይዤ ያሰብሁትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንዲት ፊደል የማልዘልል ሴት አራት ቃል እንዴት ዘለልሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ዐውቀዋለሁ። እነዚያን አራት ቃላት እጄ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸሻቸው ኖሯል። ለሰው ስሠራ መድኃኒቱን በትክክል እሠራለሁ፤ ሰባቱን ቀን እቆጥራለሁ። አፌ ግን አይናገራቸውም፤ እጄም አይጽፋቸውም።

የሚቀጥለውን ቆመህ አታንብበው።

ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም. ከዛሪማ በላይ በተሸሸግንበት ጎጆ አንተ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርህ። አባትህ ጥይት ባቱን ከመታው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የአዞ ሐረጉን ቆርጬ አመጣሁ፤ ማሩን አያ ክንዱ ከየትም ብሎ አገኘ። ወቀጥሁት፤ በጠበጥሁት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ መጠበቅ አልቻልሁም። ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። አባትህ ቢጮህ ኖሮ እችለው ነበር፤ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ጣራ ጣራውን ያያል። ድስቱን አንሥቼ እሳት ላይ ጣድሁት።

አያ ክንዱ ከበር ገብቶ ዐየኝ። «እመት፣ መፍላት አለበት ይሉ አልነበር?» አለኝ።

«ይኸው ሲፈላ አታይም?» አልሁት።

አረፋውን ዐየ። የየኔታ ልጅ ነኝና፣ ፊደል ዐዋቂ ነኝና፣ አመነኝ። አንተም ከእሳቱ ማዶ ነበርህ። «ይድናል?» አልኸኝ። «ይድናል» አልሁህ።

ድስቱን ከጣድሁ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ሰባት ቀን ብጠብቅ ኖሮ አምስት ቀን ይተርፈኝ ነበር። ይህን ሒሳብ ከዚያ ወዲህ ያልሠራሁበት ሳምንት የለም። ብጠብቅ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልጽፍልህም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። የባሰም ቁስል ሊሆን ይችላል። የማውቀው፣ አባቴ ያዘዘውን መድኃኒት አባትህ አላገኘም። ያገኘው የቅጠል ውኃ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «መድኃኒቱን አፍልታ ሰጥታው ነበር» ሲል ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። ቃሉ እውነት ነውና። ፈልቷል። ውሸት ሳልናገር ሰውን ሁሉ አታለልሁ፤ ለዚህ ነው ያስተማረኝ አባቴ?

ለመምሬ ወልደ ገብርኤልም በንስሓ ነግሬው አላውቅም። «ይፍታሽ» ያለኝ ቃል ያልደረሰኝ ለዚህ ነው። ያልተነገረውን ምን ብሎ ይፈታል?

እንግዲህ አንተ «አባቴን ያላዳነ ነገር» ብለህ ስትጽፍ እውነትህን ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ግን ተሳስተሃል። ሳህንህ የመሰከረው በዚያ ጎጆ በእኔ ድስት ውስጥ ስለነበረው ነው። ሃያ ዓመት የደበቅሁትን በግማሽ ሰዓት አወጣኸው፤ ምን እንዳወጣህ ግን አላወቅህም። ያደግኸው በእናትህ መድኃኒት ተስፋ ቆርጠህ ነው። ያን ተስፋ መቁረጥህን ዐይቼዋለሁ፤ ለትምህርት ስትሄድ «ሰው የሚያድን ነገር ልማር» ብለህ ፊቴን ሳታይ ነበር የተናገርኸው። ያኔ መልስ ነበረኝ። አልሰጠሁህም።

አሁን የምትሠራውን ላዝዝህ። ሦስት ተሳላሚ ሴቶች ለልደት ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳሉ፤ አንዲቱ ወደ ቤይሩት ለሚያልፍ ሰው ሰጥታ የምታደርስልህን ጠርሙስ ትይዝልኛለች። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው እሳት ሳይነካው ሰባት ቀን የሚፈላው ነው። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ጠርሙስ ይኖራል፤ እሱ ማርና ውኃ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ቀን ተጥሎ በዚያው ቀን የተጠለለ ይሆናል። ሁለቱንም በየሳህናቸው አድርጋቸው። ሁለቱ እኩል ቀለበት ካወጡ ኀይሉ የማሩ ነው፤ ቅጠሉን አታወድሰው። ቅጠሉ ያለበት ብቻ ካወጣ፣ ለመምህርህ አሳየው። አንዱም ካላወጣ ደግሞ ሳትሸሽግ ጻፍልኝ፤ ያኔ ያለ ግዝት አቆማለሁ። ሦስት ጊዜ አድርገው። አንድ ጊዜ የታየ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ግዝትህን ጥሰሻል እንዳትለኝ። «ለማንም ሰው እንዳይሰጡ» ብለሃል እንጂ «እንዳያዘጋጁ» አላልህም፤ ደብዳቤህን ተመልከት። ኅዳር ፲፯ ቀን ቅጠሉን ወቅጬ፣ በትንሽ ገንቦ ጥዬ፣ አፉን በጨርቅ አሥሬ ከጓዳ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ጆሮዬን ጠጋ ባደርግ መንሾክሾክ ጀምሯል። ኅዳር ፳፬ ቀን ይደርሳል። አያ ክንዱ አሁንም በየጠዋቱ ሐኪም ቤት ሲሄድና ሲመለስ ከደጄ ድንጋይ ላይ ያርፋል። አይለምነኝም። «ፖስታው መጣ?» ይላል ብቻ። ትላንት ሽታዬ፣ ማታ ማታ የሚያወራው ስለ በሬዎቹ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤይሩት ሆኗል አለችኝ።

እሱ የድስቱን ነገር ገና አያውቅም። አስቀድሜ ለአንተ ጻፍሁ፤ አጥንቱ የአባትህ ነውና። ፈቃድህ በመጣ ቀን እግሩን ሳጥብለት እነግረዋለሁ። «በወጉ አፍልተው ነው የሰጡት» ብሎ እያመነኝ መድኃኒት ልቀባው አልችልም። ከዚያ በኋላ እግሩን ከእጄ ከነጠቀም መብቱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ፒያሳ ፖስታ ቤት በአውሮፕላን እልከዋለሁ። ጸሐፊው ዐሥር ቀን፣ ምናልባት ዐሥራ ሁለት ይላል፤ «ምናልባት» የሚለውን ቃል እጅግ ይወዳል። ዐሥራ ሁለት ይሁን ብንል እንኳ ታኅሣሥ ፩ ቀን በእጅህ ይገባል። በዚያው ቀን ቴሌግራም አድርግ። በደብዳቤ መመለስ እንዳታስብ፤ ደብዳቤ የሚደርሰው እግሩ ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቁስል በሁለት ቀን አይደርቅም። አንድ ቃል ይበቃል፦ «ፈትቻለሁ» በል። ባትፈታም በቴሌግራም ንገረኝ፤ ሰውየው በደጄ ድንጋይ ላይ በከንቱ ተስፋ አይቀመጥ።

በሰው አገር ከክፉ ነገር ይሰውርህ። የጀመርኸውን ትምህርት ለፍጻሜ ያብቃህ፤ የምትቀምመው ሁሉ ለሰው መዳኛ ይሁን። ቁስቋም ማርያም በምትገባበት ቀድማህ ትግባ፤ በምትወጣበትም አትለይህ። ጉንፋን ሲይዝህ አንገትህን ሸፍን፤ ይህን ከሐኪም አልጠብቅም።

እናትህ
ለተ ማርያም

በኅዳግ ላይ መጻፍ አልወድም፤ ወረቀቱ አልቆ ነው። ቃልህን ለይተህ ጻፍ፣ ሁለት መንገድ ያለውን ቃል ሳትለይ አትተው እያልሁ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። በዚህ ቴሌግራም ግን ምኑን እንደ ፈታህ ለይተህ አትጻፍ። «ፈትቻለሁ» ብቻ በል። የቀረውን እኔ አነበዋለሁ።